ለባዩ ያደገደገው ዲያቆን

የወልደ ሐናን መሞት የሰማሁት ከአሊዩ አምባ ጨው ጭኖ ከመጣ ነጋዴ ነው። ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር ቆመን ስለ መንገዱ ጭቃ ስንጨዋወት፣ በወሬው መሀል፣ "ያ የአንኮበሩ ቀጥቃጭም ሞተ፤ አላህ ይዘንለት። ከእንግዲህ የበቅሎዬን ልጓም ማን እንደሚያበጅልኝ እንጃ" አለኝ። የትኛው ቀጥቃጭ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ልቤ ግን ቀድሞ አውቆት ነበር። ነጋዴውም ሰውዬው የቄስ ልጅ እንደነበረ፣ እንዲያውም ዲያቆን ነበር የሚሉ እንዳሉ፣ እሱ ግን ይህን እንዳላመነ ነገረኝ።

እውነት ነው፤ ዲያቆን ነበር። ከመቅደስ ወጥቶ ወናፍ አጠገብ እንዴት እንደተቀመጠ ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ ሰው ዛሬ በሕይወት ያለ አይመስለኝም። ያን ቀን መንገዱን አግኝታ ቤቴ ያደረሰችኝ በቅሎዬ ናት፤ እኔ ምንም አላየሁም።

ጊዜው ቤተ መንግሥቱ ገና ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ሳይነሣ ነው። ንጉሡ ጠመንጃ በዝቶላቸው ጠጋኝ አጥተው ነበር። ስለዚህ ፊደል የቆጠርን አምስት ጎልማሶች ተመረጥንና ሁለት ዓመት ሙሉ የመንግሥት ድርጎ እየበላን ከአንድ ፈረንጅ ዘንድ የጠመንጃ ጥገና እንድንማር ታዘዘ። ጤፉ፣ ቅቤው፣ ማሩ በየወሩ ይመጣልናል። በዓመት በዓመት አዲስ ሸማ ይሰጠናል። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ እያንዳንዳችን አንድ የተበላሸ ጠመንጃ ጠግነን በቤተ መንግሥቱ አዛዥ ፊት ተኩሰን እናሳያለን። የተሳካለት ማደሪያ መሬትና ሥራ ያገኛል፤ ያልተሳካለት ወደ አባቱ ማሳ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተነግሮናል። እኛ ግን ድርጎው ራሱ ሹመት መሰለን። ጧት ፈረንጁ ዘንድ ሄደን ሞረድ ጨብጠን እንቆያለን፤ ቀትር ሲሆን እጃችንን በአመድ አሽተን ታጥበን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጉብታ እንወጣለን። እዚያ መኳንንቱ ሲገቡና ሲወጡ እጅ እንነሣለን። አንዱ ጌታ ዞር ብሎ "ይህ ጎልማሳ የማን ልጅ ነው?" እስኪል እንጠብቃለን። ሸማችን እንዳይጠቁር ከእሳቱ እንሸሻለን። እኔ በተለይ የባላባት ልጅ ነኝ ባይ ስለነበርሁ፣ ጥፍሬ ሥር ጥላሸት ካየሁ ቀኑን ሙሉ ፊቴ አይፈታም ነበር።

ወልደ ሐና የአገሬ ልጅ ነው፤ አባቱ መምሬ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቅ ደብር ያገለግሉ ነበር። ረጅምና ከሲታ ነበር፤ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ነው የሚሰማው። ድቁና ተቀብሏል። የአንድ ካህን ልጅም ታጭታለታለች። ማደሪያውን ይዞ ሲመለስ ሊያገባት፣ ኋላም ቀስሶ የአባቱን ቦታ ሊተካ ቁርጥ ያለ ነገር ነበር። ድርጎው ለእኛ ጨዋታ ቢሆን ለእሱ ዕድሜ ልኩ ነው።

ከፍየል ቆዳ ኪስ ኪስ ያለው መያዣ ሰፍቶ ነበር። ጠመንጃ ሲፈታ እያንዳንዱን ብሎን በየኪሱ ያስቀምጣል፤ በኪሱም ላይ የግእዝ ቁጥር ጽፎበታል። እኛ ብሎኖቻችንን በአንድ ቁና ውስጥ እንደባልቅና ስንገጥም ሁልጊዜ አንድ ይተርፈናል። የተረፈውን አሽቀንጥረን እንጥላለን፤ እሱ ተከትሎ ከሣር ውስጥ ይለቅመዋል። ፀሐይ ሲጠልቅ ደግሞ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ "ዛሬ በበላሁት ምን ሠራሁበት?" ይላል። በዚህ ስናሾፍበት አይቆጣም። አንድ ቀን ብቻ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ንጉሡ ያበሉን እንድንጠግብ መስሎሃል? ጥጋቡማ በቤታችንም አለ። የሰጡን ከማረስ ያተረፍነውን ቀን ነው፤ ሲያልቅ ደግሞ ቢለምኑት አይመለስም" አለኝ። እኔ ይህን ሰምቼ ሸማዬን አጣፋሁና ወደ ጉብታው ወጣሁ።

ፈረንጁን ስሙ ስለማይያዝልን ሙሴ ብቻ እንለው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ከሥራው ሁሉ ዋናው፣ ቃታው ሲሳብ መቺውን የሚያስፈነጥረው ሞላ ሲሰበር፣ ሙሴ ሌላ አይሠራም። ከአገሩ ይዞት ከመጣው ሣጥን አዲስ አውጥቶ ይተካል። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ሌላ ላምጣ ብሎ ከነጋዴዎች ጋር በአሊዩ አምባ በኩል ወደ ባሕር ወረደ። አልተመለሰም። በረሃው ላይ ንዳድ ገደለው የሚል ወሬ መጣ፤ አገሩ ገባ የሚልም ነበር። ለፈተናችን ስምንት ወር ቀርቶት ነበር።

አዛዡ ድርጎው እንደማይቋረጥና ሙሴ እስኪመለስ በያለንበት እንድንቆይ አዘዙ። ያን ቀን አራታችን ጠጅ ጠጣን። ወልደ ሐና አልጠጣም። ሞላ መሥራት ሳንችል አዛዡ ፊት ብንቆም ባዶ እጃችንን እንደምንቆም አስረዳን። ከዚያም ከከተማው ሥር ያሉት ባዩ የሚሠሩት ማጭድ ታጥፎ እንደሚመለስ፣ እንዲህ ያለውን ብረት የሚያውቅ ሰው እዚሁ እያለ ባሕር ማዶ ማየት ሞኝነት እንደሆነ ተናገረ። ሳቅን። ባዩ ጠይብ ናቸው። ያን ጊዜ እኔም እንደ ሰው ሁሉ "አንተ" እላቸው ነበር፤ ዛሬ እንዲያ አድርጌ ልጽፍ ብል ብዕሬ እምቢ አለኝ። ቡዳ ናቸው ተብሎ ሰው ይፈራቸዋል። ማጭድ ለመግዛት የሚሄድ ከአጥራቸው ውጭ ቆሞ ይጣራል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም፤ እህል ውሃ ማለትማ የማይታሰብ ነው።

ወልደ ሐና ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ባዩ እምቢ አሉት። በሦስተኛው ቀን ብቻውን እንዳይሄድ ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር ግን የሚሆነውን ለማየት ጓጉቼ፣ አብሬው ወረድሁ። ጉም ከገደሉ ሥር ይወጣ ነበር። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቀረሁ። እሱ ገባ።

ባዩ ወናፋቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። አጭርና ደረተ ሰፊ ሰው ናቸው፤ አንዱ ቅንድባቸው በእሳት ተቃጥሎ አልበቀለም። ቀና ብለው ሲያዩት ፊታቸው ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ነገ ሆድ ቢያመው ባዩ በላው ተብሎ የሚታሰሩትና የሚገረፉት እሳቸው እንደሆኑ፣ ከዚህ በፊትም ሳያጠፉ እንደተገረፉ፣ ስለዚህ በእግዚአብሔር ስም ትቷቸው እንዲሄድ ለመኑት።

ወልደ ሐና ሸማውን ከትከሻው አወረደና ወገቡ ላይ አሰረው። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን አጣምሮ፣ በራቸው ላይ ቆመ። በጌታ ፊት እንደሚደረገው አደገደገ ማለት ነው። በንጉሡ ፊት፣ በአዛዡ ፊት፣ በአባቱ ፊት እንዲህ ሲያደርግ አይቼዋለሁ። በጠይብ ደጅ እንዲህ ሲደረግ ግን እኔም አላየሁ፣ አባቴም አላየ።

ባዩ ብድግ አሉ። "ተው ልጄ፣ ሰው ያየናል" አሉት።

"ይዩ" አላቸው። "ሙሴ ፊት ሳደገድግ ማንም አልከለከለኝም። ከእንግዲህ የሚያስተምሩኝ እርስዎ ነዎት። ድርጎዬ ስምንት ወር ብቻ ነው የቀረው፣ አባቴ።"

ባዩ ከዚያ ለሚስታቸው አንድ ነገር ተናገሩና ሴትዮዋ የባቄላ ንፍሮ በገበቴ አቀረቡ። ባዩ እጃቸውን ወደ ገበቴው ዘርግተው ዓይን ዓይኑን ያዩት ጀመር። እኔ ከአጥሩ ውጭ አማተብሁ። ወልደ ሐና ተቀመጠ፣ እሱም አማተበ፣ እስኪያልቅ ድረስ በላ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይወርድ ጀመር። ሲመለስ የተማረውን ይነግረኛል፤ የምሰማው እንደ ተረት ነበር። ከተሰበረ ጎራዴ ላይ ቆርጠው ይቀጠቅጣሉ፤ ቀይ ሲሆን በቀለጠ ሞራ ውስጥ ይነክሩታል፤ ከዚያ ሞራ ቀብተው እንደገና እሳት ያሳዩታል። ምሥጢሩ ከእሳቱ መቼ እንደሚወጣ ማወቁ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሞላዎቹ እንደ ሸክላ ተሰበሩ፤ የሚቀጥሉት ታጥፈው ሳይመለሱ ቀሩ። የዲያቆን ስሕተት ነበር የሠራው። ጊዜውን የሚለካው አቡነ ዘበሰማያት እየደገመ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሲደግም ያወጣዋል። ብረቱ ሊቃጠል ነው ብሎ ሲፈራ ግን ሳያውቀው ያፈጥናል፤ ልቡ ሲረጋ ያዘገያል። ባዩ ይህን አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ፣ "ጸሎትህን ለቤተ ክርስቲያን አድርገው። እዚህ አፍህ ይረፍ፤ ዓይንህን አምጣ" አሉት። ሞራው ነድዶ ራሱ እስኪጠፋ፣ እንደገና ቀብቶ እንደገና እስኪጠፋ፣ ሦስት ጊዜ በዓይኑ እንዲጠብቅ አሳዩት። ይህን ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር። እንዲያ ሲደሰት ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁትም።

አሁን የእኔን ነገር ልናገር። አንድ ቀን ጉብታው ላይ ደጅ ስንጠና ቀኑ ረዘመብን፤ ወሬ አለቀብን። እኔም ሰው ለማሳቅ ብዬ የመምሬ ልጅ ለቀጥቃጭ እንዳደገደገ፣ ንፍሮም እንደበላ አወራሁ። ሸማዬን ወገቤ ላይ አስሬ አቋቋሙን ሁሉ አሳየኋቸው። በጣም ሳቁ። አንድ ጌታም ዞር ብለው ስሜን ጠየቁ። በሁለተኛው ሳምንት ወሬው ደብረ ብርሃን ደረሰ፤ በሦስተኛው መምሬ ራሳቸው በእግራቸው አንኮበር መጡ።

ማደሪያ ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። በልተህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት፤ በልቻለሁ አላቸው። መምሬ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ "እኔ ብፈቅድ ሕዝቡ አይፈቅድም። አንተ የገባህበት መቅደስ ሰው አይቆርብም። የልጅቷም አባት ቃሉን አንሥቷል" አሉት። አሁኑኑ አብሮአቸው ቢመለስ፣ ንስሐ ቢገባና ዓመት ቢቆይ ወሬው ይረሳል ብለው ለመኑት። ልመናቸው ከቁጣቸው ይከብድ ነበር።

ወልደ ሐና የአባቱን ጉልበት ሳመ። "አባቴ፣ ግማሽ ላይ ነኝ። አሁን ብተወው የበላሁት ሁሉ የሌባ ይሆንብኛል" አላቸው። መምሬ መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱ። ልጃቸው ከዓይኑ እስኪጠፉ ቆሞ አያቸው። ማን እንደነገራቸው አልጠየቀም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ባዩ ሊወርድ ሲነሣ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ሳለሁ፣ "ነገ አብረኸኝ ብትወርድ ጥሩ ነበር፤ ገና ጊዜ አለን" አለኝ። እሺ አልሁ፤ አልወረድሁም።

የፈተናው ቀን ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው የፍየል ቆዳ መያዣውን ዘረጋ። አምስት ሞላ ነበረበት። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ሰጠን፤ በጠመንጃዎቻችን ልክ የተሠሩ ናቸው። እኔ ምን ብዬ እንደተቀበልሁ አላስታውስም፤ አመስግኜው ከሆነ ደስ ባለኝ።

በአዛዡ ፊት አምስቱም ጠመንጃ ተኮሰ። አዛዡ ተደነቁ። ሙሴ ሳይኖር ይህን ሞላ ማን እንዳስተማረው ወልደ ሐናን ጠየቁት። ያስተማሩት ባዩ እንደሆኑ፣ ከተማው ሥር እንደሚኖሩ፣ ለሙሴ ይሰጥ የነበረው ክብርና ድርጎ ለእሳቸው ቢሰጥ ሌላ ብዙ ሰው ሊያስተምሩ እንደሚችሉ በግልጽ ተናገረ። ሰው አጉረመረመ። አዛዡ ፊታቸው ተለወጠ፤ ንጉሡ የሚይዙት ጠመንጃ የጠይብ እጅ ነካው መባሉን አልወደዱትም። ወደ እኛ ዞሩና፣ "እናንተስ? ማን አስተማራችሁ?" አሉ።

ከአራቱ ፊት የቆምሁት እኔ ነበርሁ። ወልደ ሐና አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ይሰማኝ ነበር።

"ሙሴ ነው፣ ጌታዬ" አልሁ። "ከመሄዱ በፊት አሳይቶን ነበር።"

ሦስቱም እንደ እኔው አሉ። አዛዡም ደስ አላቸው። ወልደ ሐና መምህሩን ከመረጠ ከመምህሩ ጋር ይኑር ብለው ፈረዱ። እኛ አራታችን ማደሪያ መሬት ተሰጠን፤ እኔ ያንኑ ጠመንጃ ጭምር ተሸለምሁ። ከግቢው ስንወጣ ከወልደ ሐና እደበቃለሁ ስል አጠገቤ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጠመንጃዬን ተቀብሎ ቃታውን አንድ ጊዜ ስቦ ለቀቀ፣ ድምፁን ሰማ፣ መለሰልኝ። "ሞላው ሲደክም አምጣው፤ አድስልሃለሁ" ብሎኝ ቁልቁል ወረደ።

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲነሣ እኛ ተከትለን ወጣን። ጠመንጃ በያዝሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ሞላ ሠርቼ አላውቅም፤ ሰው ሲያመጣልኝ ጊዜ የለኝም እል ነበር። ወልደ ሐና የባዩን ልጅ አግብቶ እዚያው ቀረ። ማረሻ፣ ልጓም፣ ጠመንጃ፣ የመጣለትን ሁሉ ይሠራ ነበር አሉ። የጠይብ ልጅም ይሁን የገበሬ፣ መማር እፈልጋለሁ ያለውን ሁሉ አስጠግቶ፣ ከራሱ እህል እያበላ ያስተምር ነበር አሉ። እኔ በአንኮበር በኩል ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ። በዚያ አጥር በኩል ግን አላለፍሁም። ሞላው ደግሞ አልደከመም።

ከነጋዴው መርዶውን በሰማሁ በሳምንቱ ጠመንጃዬን ይዤ ሄድሁ። ለቅሶው በርዶ ነበር። መዶሻ ይሰማል። እግሬ አጥሩ ጋ ሲደርስ በዚያው በድሮው ቦታ ላይ ቆመ፤ አላዘዝሁትም። አንድ አንገቱ ረዘም ያለ ሰው ከወናፉ ተነሥቶ መጣ፤ እጁ ጥላሸት ነው። ልጁ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ስሙን ጠየቅሁት፤ ባዩ እባላለሁ አለኝ።

"ይግቡ እንጂ" አለኝ። "አባታችን ከአጥር ውጭ የቆመ ሰው ካያችሁ፣ ምን ፈለግህ ሳትሉ አስገቡት ይለን ነበር።"

ገባሁ። እጄ አርጅቷል፤ ሸማዬን ከትከሻዬ አውርጄ ወገቤ ላይ እስካስር ጊዜ ወሰደብኝ። ልጁ ደነገጠ፤ በዕድሜዬ ይህን ማድረግ እንደማይገባኝ ነግሮ ሊያስተወኝ ሞከረ። ሥራ ላይ የነበሩት ሁሉ መዶሻቸውን አቆሙ። ጠመንጃውን እግሩ ሥር አስቀመጥሁና ይህን ሞላ የሠራው ወልደ ሐና እንደሆነ፣ ያስተማሩትም አያቱ ባዩ እንደሆኑ፣ በአዛዡ ፊት ሙሴ ነው ብዬ እንደዋሸሁ ተናገርሁ። በመጨረሻ፣ "ለመምሬ ወሬው የደረሰውም በእኔ ነው" አልሁ።

ልጁ ጠመንጃውን አነሣ። ቃታውን አንድ ጊዜ ስቦ ለቀቀ፣ ድምፁን ሰማ።

"ይህንንስ አባታችን ያውቅ ነበር" አለኝ በዝግታ። "ያን ቀን ከአጥሩ ውጭ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው ይል ነበር።"

ከዚያ በርጩማ አቀረበልኝና ወደ ውስጥ ተጣራ። የባቄላ ንፍሮ በገበቴ መጣ። ጨው በዝቶበት ነበር። አማተብሁና እስኪያልቅ በላሁ።